ሊማሊሞ ላይ የደረስንባት ፀሐይ

ዳባት ከተማ ውስጥ ከእኔ በፊት ወፍጮ ያንቀሳቀሰ ሰው ነበረ። ሞተሩን ፈትቶ፣ እያንዳንዷን ብሎን በጋዝ አጥቦ፣ መልሶ ገጥሞ ያስነሳ የአገር ልጅ ግን ከእኔ በፊት አልነበረም። የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ፤ ያኔ አጠገቤ ቆመው ያዩ ሰዎች ዛሬም ዳባት ውስጥ ምርኩዝ ይዘው ይሄዳሉ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከእህል ከረጢት ላይ ነው። በዚያ ዘመን ሰው ከረጢቱ እንዳይለወጥበት ስሙን በከሰል ይጽፍበት ነበር። "ይህ የማን ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ፤ "የማማይ ነው" ይሉኛል፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ያሉት ሁለቱ አንድ ዓይነት ፊደሎች "ማ" መሆናቸውን እይዛለሁ። እንዲህ ከሰው ስም ላይ ፊደል እየለቀምኩ ማንበብ ቻልኩ። ከዚያ የጸሎት መጽሐፍ፣ ከዚያ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከዚያ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ይህንንም የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። የሚያርምልኝ ሰው የለም፤ አያስፈልገኝምም። ዱቄት በሁለት ጣቴ አሸት አድርጌ የወገራን ገብስ ከጃናሞራ ገብስ የምለይ ሰው ነኝ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምኮራው ግን በቤቴ ነው። ከዳባት እስከ ደባርቅ "ጠብ የማያድርበት ቤት የማን ነው?" ብለህ ብትጠይቅ ወደ እኔ ቤት ያመለክቱሃል። ይህን የሰጠኝ እግዚአብሔር ነው፤ ነገር ግን ሲሰጠኝ ተኝቼ አልጠበቅሁትም።

አሁን የምኖረው ደባርቅ ነው። ከጓሮዬ ያለውን ክፍል አንድ ወጣት መምህር ከአዲስ ሚስቱ ጋር ተከራይቶታል። ባለፈው ሰሞን፣ ብርዱ ከተራራው ወርዶ ቆርቆሮውን ጠቅ ጠቅ በሚያደርግበት ሰዓት፣ ይህ ልጅ ጋቢውን አስተካክሎ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ ደጃፌ ላይ ቆመ።

"ጋሽ ዘውዱ፣ እንደ ልጅ ልናገርዎት?"

"ምን?" አልኩት።

"እንደ ልጅ ልናገርዎት ወይ?" አለ ጮክ ብሎ።

"ተናገር።"

"ከእማማ ጋር ይታረቁ። በዚህ ዕድሜ ደግ አይደለም። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት።"

ጥሩወርቅ፣ ባለቤቴ ማለት ነው፣ ጨርቅ በእጇ እንደያዘች ከውስጥ ወጣች። "ምን ይላል ይሄ ልጅ?"

"ሊያስታርቀኝ ነው የመጣው።"

"ከማን?"

"ከአንቺ።"

የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ያ ሁሉ ዓመት የወፍጮ ሞተር ጆሮዬን በልቶታልና፣ እሷ ለእኔ የምትናገረው ሁሉ በጩኸት ነው። ልጁ እንግዲህ የከረመው ይህን ጩኸት እየሰማ ነው። "ልጄ፣ እኔ እኮ 'ምሳ ቀርቧል' ነው ያልኩት" አለችው።

"እማማ፣ ሰፈሩ ሁሉ ነው የሰማው።"

"ሰፈሩ ይምጣ ታዲያ፤ ሽሮው ይበቃል።"

አስገባነውና አብሮን በላ። እፍረቱ ሲለቀው የራሱን ነገር አወጣ። እሱና ሚስቱ በስልክ ቻርጀር ተጣልተው ሲኮራረፉ እንደሰነበቱ ነገረን። "እናንተስ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲህ ነበራችሁ?" ብሎ ጠየቀ። ጥሩወርቅ ወደ እኔ አየች፤ እኔም ነገርኩት። እነሆ ለእሱ የነገርኩትን ነው የምጽፈው።

ነገሩ የሆነው ያኛው መንግሥት ሊወርድ ሲል ይሁን ወርዶ፣ ይህን የሚያውቅ ይጻፈው። እኔ የማስታውሰው አንድ ቁና እህል በስሙኒ ይፈጭ እንደነበረ ነው። ወፍጮ ቤታችን ዳባት ውስጥ ከመኪናው መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነበር። ማዕዘኑ ላይ ልብስ ሰፊው በረንዳው ላይ ተቀምጦ የስፌት መኪናውን ይረግጣል። ከእሱ ቀጥሎ ሻይ ቤት፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ራዲዮ፣ ራዲዮው ውስጥ ማሲንቆ። ጎረምሳው ሁሉ ቴትሮን ሱሪ ለመግዛት እህል ይሸጥ ነበር፤ ሱሪው ሲራመዱበት የሚያሰማው ሽው ሽው የሚል ድምፅ ነበረው፣ ለዚያ ድምፅ ሲሉ ነው የሚገዙት። ከታች ኮንጎ ጫማ። ቆነጃጅቱ ደግሞ ለገበያ ቀን ያበባ ቀሚስ በሰፊ መቀነት ያስሩና በመንገዱ ጠርዝ ይሄዳሉ፣ ከጎንደር የሚመጣው ጭነት መኪና አቧራ እንዳያለብሳቸው። እኔ ብቻ ከቅንድቤ እስከ ጫማዬ ነጭ ነበርኩ። ትኩስ ዱቄትና ናፍጣ ሲቀላቀል የሚሰጠው አንድ ሽታ አለ፤ ሽቶ ያመርታሉ የሚባሉ አገሮች ይህን አላገኙትም። ባለፈው በሚኒባስ ሳልፍ አንገቴን አውጥቼ ማዕዘኑን ፈለግሁት። የሞባይል መሸጫ ቆሞበታል፤ ከባሕር ዛፎቹም ጉቶው ብቻ ቀርቷል። ሽታው ግን፣ እምላለሁ፣ እዚያው ነበር።

ጥሩወርቅ ከሊማሊሞ ገደል ሥር፣ ወደ አዲ አርቃይ ከሚወርደው መንገድ ገባ ብላ ካለች ቆላ መንደር የመጣች የቄስ ልጅ ናት። አክስቷን ልትጠይቅ ዳባት መጥታ እህል ይዛ ወፍጮ ቤት ገባች። ተራዋ እስኪደርስ ከበሩ ውጭ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ዱቄቷን ስሰጣት አንድ ነገር አለችኝ፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ድምፅ አልሰማሁም። ሞተሩን አጠፋሁት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ጮኸብኝ። እሷ ያለችው "እግዜር ይስጥልኝ" ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት በሰማንያ ተጋባን። አባቷ ቄስ ፈንታ ይባላሉ፤ "መጀመሪያ ጠባይ ለጠባይ ተላመዱ፤ ቁርባኑ ይደርሳል" አሉን።

መልመዱ ነው የከበደው። የወፍጮ ቤት ሰው ቀኑን ሙሉ የሚናገረው ከሞተር ጋር እየተፎካከረ ነው። "ቀጥል" ለማለት ይጮኻል፣ "ጠብቅ" ለማለት ይጮኻል፣ ለሰላምታም ይጮኻል። ማታ ቤት ሲገባ ሞተሩ ጠፍቷል፤ ድምፁ ግን አልጠፋም። የቆላው መንደር ሰው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ገደሉ ድምፅ ስለሚመልስ፣ በዚያ ያሉ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ የሚሉትን ከማዶ ያለ ጎረቤት እንዳይሰማው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መናገር ከእናታቸው ጡት ጋር የለመዱት ነው። በእነሱ ዘንድ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው ወይ ዱላ አንስቷል ወይ ሰው ሞቶበታል። እኔ "ውሃ" ስል ጥሩወርቅ የምትሰማው ጠብ ነው። እሷ ዝም ስትል እኔ የምሰማው ኩርፊያ ነው። ደግሜ እጠራታለሁ፤ ደግሜ መጥራቴ ነገሩን ያብሰዋል። አንድ ጊዜ አኩርፋ ወደ አባቷ ቤት ወረደች፤ ሽማግሌ ልኬ መለስኳት። ሁለተኛ ጊዜ አኩርፋ ስትወርድ ግን የቄስ ፈንታ መልእክት በአንድ ነጋዴ አፍ ደረሰኝ፦ "ቁጣ ይዞ ፀሐይን ማስጠለቅ ለክርስቲያን አይገባም። ዘውዱ ይምጣ። በመጣበት ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነገሩ ካለቀ ሚስቱን ይዞ ይሂድ። ካላለቀ ሰማንያው ይፈርሳል፤ ልጄ እዚሁ ትቀራለች።"

ሽማግሌ ይዤ አልሄድኩም። እውነቱን ልናገርና፣ ከእኔ የተሻለ የሚናገር ሽማግሌ ዳባት ውስጥ አላገኘሁም። በጭነት መኪና ደባርቅ ደረስኩ፤ ከዚያ በእግሬ ሊማሊሞን በአቋራጩ ወረድኩ። ጠዋት ነበር። ጉሙ ከሥሬ እንደ ጥጥ ተዘርግቶ፣ የተራሮቹ ጫፍ ብቻ ብቅ ብቅ ብሎ፣ ዝንጀሮዎቹ በገደሉ አፍ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ንግግሬን እየተለማመድኩ ወረድኩ። ዛሬም ያንን ንግግር ግማሹን በቃሌ አውቀዋለሁ።

ረፋዱ ላይ ደረስኩ። ቄስ ፈንታ ከመንደሩ ሾላ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አያ ካሴ የሚባሉ፣ ነገር የሚጥማቸው ሽማግሌ አሉ። ጥሩወርቅ ከቤቱ በር ላይ እንዝርቷን ይዛ ቆማለች፤ አላየችኝም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች።

"ሽማግሌህ የታል?" አሉኝ አያ ካሴ።

"ራሴ ነኝ።"

"ከሳሹም አንተ፣ ሽማግሌውም አንተ። ዳኛውንስ ይዘህ አልመጣህም?"

ሳቁ። ከዚያ ምግብ ቀረበ፣ ጠላ ቀረበ፤ እንግዳ ሳይበላ ነገር አይነሳምና። ስንጨርስ ፀሐይዋን ቀና ብዬ አየኋት፤ ገና አናት ላይ ናት። እኔ የደጋ ሰው ነኝ። ዳባት ላይ ከዚህ በኋላ ግማሽ ቀን አለ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሞተሩን እንዴት እንደፈታሁት ተናገርኩ። ከከረጢት ላይ ፊደል እንዴት እንደለየሁ ተናገርኩ። ለጥሩወርቅ የገዛሁላትን ባለጥበብ ቀሚስ፣ ለቤቴ ያመጣሁትን ራዲዮ፣ ከጎንደር ያስጫንኩትን አልጋ ተናገርኩ። ቄስ ፈንታ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እያሳለፉ ያዳምጣሉ። ንግግሬ ገና ወደ ሠርጋችን ሲደርስ ጀርባዬ ቀዘቀዘኝ።

አያ ካሴ ዝንብ በሚያባርሩበት ጭራ ወደ ምዕራብ አመለከቱ። "አንተ፣ ፀሐይዋ ገባች እኮ።"

ዘወር አልኩ። በምዕራብ በኩል ያለው ሸንተረር ፀሐይዋን ውጧታል። ሰማዩ ብሩህ ነው፣ ዶሮው ገና ይጭራል፣ ላሞቹም ከግጦሽ አልተመለሱም፤ መንደሩ ግን ከዳር እስከ ዳር ጥላ ነው። በዚያ አገር ፀሐይ የምትሄደው እንዲህ እንደሆነ ማን ነግሮኝ? ሚስት ያገባሁበትን አገር ፀሐይ አላውቅም ነበር።

"ዘውዱ" አሉ ቄስ ፈንታ፣ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ። "ቃል ቃል ነው። ስለ ሞተሩ ሰማን። ስለ አልጋው ሰማን። ስለ ልጄ አንድም አልሰማንም።"

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ አልቆለት ነበር። እኔ ቀና አልኩ። ከራሳችን በላይ፣ የሊማሊሞ ገደል ግማሹ ጥላ ውስጥ ነው፤ ግማሹ ግን እንደ ነሐስ ይነድዳል።

"አባታችን፣ ያቺ ምንድን ናት?" አልኳቸው።

"የደጋ ፀሐይ ናት።"

"ጥሩወርቅ የማን ሚስት ናት?"

መቁጠሪያቸውን ማሳለፍ አቆሙ።

"የደጋ ሰው ሚስት ናት። ቤቷ ዳባት ነው። በቤቷ ላይ ፀሐይ አልጠለቀችም።"

አያ ካሴ ጭራቸውን ጣሉና ሳቁ። "ቄስ፣ ይሄን ልጅ ወፍጮ ቤት ያስቀመጠው ማን ነው? ፍርድ ቤት ነው ቦታው።"

ቄስ ፈንታ አልሳቁም። ወደ በሩ ዞረው፣ "ልጄ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?" አሏት።

ጥሩወርቅ እንዝርቷን በመቀነቷ ውስጥ ሻጠች። እንደ ልማዷ ዝቅ አድርጋ ተናገረች፤ እኔ ግን እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። "ደርሶ ይያዛት። እኔም እሄዳለሁ። ፀሐይዋ ውስጥ አብረን ከቆምን ነገሩ አለቀ። ካልደረሰ ከመንገድ እመለሳለሁ።"

"ይሁን" አሉ አባቷ። ታላቅ ወንድሟን፣ ካልደረስን ይዟት እንዲመለስ፣ ከኋላችን አስከተሉት።

ያንን ዳገት ያላየ ሰው እንዴት እንደምነግረው አላውቅም። የመኪናው መንገድ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ አቋራጩ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው፣ በወይራና በቁጥቋጦ መካከል፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ። የጥላው ጠርዝ ከፊታችን እንደ ሰው ይወጣል። እኛ ስንፈጥን እሱም ይፈጥናል። ጥሩወርቅ ገደል ላይ ያደገች ናት፤ እንደ ድኩላ ትረግጣለች። እኔ ቀኑን ሙሉ ሞተር አጠገብ የምቆም፣ ሳንባዬ ውስጥ ዱቄት ያለብኝ ሰው ነኝ። የመጀመሪያውን አቀበት እንደጨረስን መናገር አቃተኝ። እሷ ከፊቴ እየሄደች፣ ወደ ኋላ ሳትዞር፣ መናገር ጀመረች።

"አንተ 'ውሃ' ስትል ውሃ ጠላትህ ይመስላል" አለች።

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፤ ትንፋሽ የለም።

"ሞተሩን አጥፍተህ አትመጣም። ቤት ይዘኸው ትገባለህ።"

ሁለት ድንጋይ ወጣን።

"አክስቴ 'ይመታሻል ወይ?' አለችኝ። 'አይመታኝም' አልኳት። አላመነችኝም። ጎረቤቱ ሁሉ በዓይኑ እጄን ይፈትሻል፤ የተመታሁበትን ይፈልጋል። ያልተመታሁ ሴት ሆኜ እንደተመታች ሴት አንገቴን ደፍቼ ውሃ እቀዳለሁ።"

በዚህ ላይ ብዙ የምለው ነበረኝ። በትንፋሽ እጦት የተነሳ ሁሉም ሆዴ ውስጥ ቀረ። ደግሞም፣ ዝም ብዬ ስሰማት፣ ድምፅዋ ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅሁ መሰለኝ። ብዙ ቀን አብሬያት በልቼ፣ ያን ያህል ረጅም ነገር ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ጦስኙ ከእግራችን ሥር እየተረገጠ ይሸታል። ከሩቅ፣ ከታች፣ ጭነት መኪና እያቃሰተ ይወጣል። አየሩ ወርቅ ሆኗል፤ እኛ ግን ገና ከወርቁ በታች ነን። ዛሬ ሳስበው፣ ያ ዳገት የሕልም ዳገት ይመስለኛል፤ እግሬ ሲደክም እንጂ መሬት ሲነካ አይታወሰኝም።

ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ አጠገብ ስንደርስ ጥሩወርቅ ዘለለችና ከላዩ ቆመች። ፀሐይ ነካቻት። ነጠላዋ እንደ መብራት በራ። እኔ ከሥሯ፣ አንድ ቁመት ያህል ዝቅ ብዬ፣ በጥላው ውስጥ በእጄና በጉልበቴ ነኝ። ጥላው እግሯን ሸፈነ። ጉልበቷ ላይ ደረሰ። ወንድሟ ከኋላዬ፣ "እቴ፣ አልደረሰም፤ ነይ እንውረድ" አላት።

ወደ ታች አየችኝ። ብትተወኝ ማንም አይፈርድባትም ነበር። መቀነቷን ፈታች፤ ጫፉን ጣለችልኝ።

ያዝኩት። ጎተተችኝ። ከእሷ ጎን ስቆም ፀሐይዋ ደረታችን ላይ ነበረች።

"በል አሁን ተናገር" አለችኝ።

ያ ሁሉ የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ። ትንፋሽ ግን አልነበረኝም። "ቤታችን እንሂድ" አልኩ፤ እሱም በሹክሹክታ ወጣ።

ጥሩወርቅ ፊቴን አየች። "ቀስ ብለህ መናገር ትችላለህ ለካ" አለች።

ወንድሟ ወደ መንደሩ ብቻውን ተመለሰ። እኛ እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ከጥላው ጋር እየተሽቀዳደምን ወጣን፤ ደባርቅ ሜዳ ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና የገብሱን ማሳ ወርቅ ታለብሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ዘዴ አበጀሁ፤ ማንም አላስተማረኝም። ከወፍጮ ቤት ስመለስ ደጃፌ ላይ ካለው ድንጋይ እቀመጣለሁ። ሞተሩ ከጆሮዬ እስኪወጣ፣ ከውስጥ የእንዝርቷን ሽክርክሪት እስክሰማ እጠብቃለሁ። ስሰማው እገባለሁ። ቄስ ፈንታ ይህን ሲሰሙ ተደሰቱ፤ "ባልና ሚስት ሲጋጩ ማን ልክ ነው አትበሉ፤ መጀመሪያ ማን ዝም ይላል በሉ" አሉን፤ ከእኔ ዘዴ ላይ ነው ያወጡት። መምህሩ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ "እኛ እኮ የምንጣላው በሹክሹክታ ነው ጋሽ ዘውዱ፤ የተከራየ ሰው አይጮህም" አለኝ። "እንግዲያው እናንተ ጩኹ፤ ከዚያ ተሳሳቁ" አልኩት። ሚስቱን ይዞ ሊማሊሞ ወርዶ እንዲወጣም መከርኩት። "በሚኒባስ ይሆናል?" አለ። አይሆንም አልኩት።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልጻፍ፣ ከእኔ በኋላ የሚያጣምም እንዳይኖር። ያለ አስተማሪ ሞተር ፈታሁ፣ ገጠምኩም። ያለ ትምህርት ቤት አነበብኩ፣ ይኸው እጽፋለሁ። በቆላ የጠለቀችን ፀሐይ በደጋ ደረስኩባት፤ አያ ካሴ ይህን እስኪሞቱ ድረስ በየሠርጉ ሲያወሩት ኖረዋል። በዳባትና በደባርቅ የተኳረፉ ባልና ሚስቶችን በደጃፌ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ አስታርቄአለሁ፤ አንዳንዶቹ የልጅ ልጅ አይተዋል። ልጆቼን ሳልጮህባቸው አሳደግሁ፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ ግን ጮኼባቸዋለሁ፣ እሱ ሥራ ነው። ቄስ ፈንታ በሕይወት ሳሉ፣ በእሳቸው መንደር ቤተ ክርስቲያን፣ ከጥሩወርቅ ጋር ቆረብን። እሷም ዳገቱን ከወጣንበት ቀን ወዲህ ወደ አባቷ መንደር የወረደችው ለበዓልና ለለቅሶ ብቻ ነው፤ ሁልጊዜም አብሬያት ወርጃለሁ፣ አብራኝም ወጥታለች።